ሰባተኛው ጭረት

ከሐይቅ በላይ ወጣሁ፣ መጠይቄን ይዤ፣
በምልክት ትምህርት ክፉኛ ተመርዤ።
የቅሬው ቃሬዛ ከጥድ ተደግፎ፣
ስድስት ጭረት አየሁ ወይራው ላይ ተጽፎ።
«ምንድን ነው?» አልኳቸው፣ አባ ሙሄን ቀርቤ፣
መልሱን አስቀድሜ ቋጥሬ በልቤ።

«ትርጉምማ የለው፤ ጠፍሩ ሲንሸራተት
ጫር ጫር አደረግሁት፣ እንዲይዝ በጽናት።
ስድስት መሆኑማ፣ ቢላው ደነዘና፣
ሰባት ልል አስቤ ተውኩት ደከመኝና።»

ሳቅሁ። አልመዘገብኩም።
እንዲህ ያለው መልስ ለጥናት አይሆንም።
ጻፍኩ እንጂ ደሴ ላይ፣ መብራት ጠፍቶ ማታ፣
«ጭረቱ የሙት ነው፣ የስንብት ሰላምታ፤
ሙስሊም ክርስቲያኑ ባንድ እንጨት ታስቦ፣
ይኖራል መንደሩ ሐዘኑን አንብቦ።»
ፈታኞቼ ወደዱት፤ በማዕረግ አለፍሁ።
የአባ ሙሄን ቢላ ከግርጌም አልጻፍሁ።

ሦስት ዓመት።
የእርገጤ ልጅ መዲና ጥናቴን አግኝታ፣
ለቅሬው ስብሰባ አነበበች አፍታታ።
ሽማግሌው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፣
«ለካስ እንዲህ ኖሯል!» እያለ አደነቀ።
አባ ሙሄ ከጥግ «እኔ ጫርኩት!» ቢሉ፣
«እርጅና ነው» ብሎ ሳቀባቸው ሁሉ።

ባለፈው ኅዳር ወር ሐይቅን አልፌ ስመጣ፣
ሰባተኛ አየሁ፣ የወይራው ሽታ ከላዩ ያልወጣ።
«የማን ነው?» አልሁ። ለምን እንደጠየቅሁ እንጃ።
«የአባ ሙሄ» አለች መዲና፣ «እንደ ጥንቱ። እንደ አባቶቻችን።»

ጥንቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣
ደሴ፣ በሻማ፣ የቀዘቀዘ ሻይ እየጠጣሁ።
ልናገር ነበር። አፌን ከፈትሁ።
ባልቴታቸው ከድጃ ግን በዚያው መጡ፣
በአውራ ጣታቸው ጭረቱን ዳበሱ፣
ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤
ዱዓ ይሁን ወቀሳ አልሰማሁም።
አፌን ዘጋሁ።

«ሐሰት» የሚለው ቃል ለዚህ ይበዛበታል፣
ወይ ያንስበታል።
ባዶ የነበረ ነገር ሰው ሲሸከመው ይሞላል እንዴ?
ስንት ትከሻ ይፈልጋል?
እኔ እንደሆንኩ አንድ ጊዜም አልተሸከምኩ።
መጠይቁ ላይ «ትርጉሙ» ከሚለው ፊት ለፊት
ነጠብጣቡን እንዳለ ትቼ ወረድሁ።

ጠፍሩ ሰባቱም ላይ ጥብቅ ብሏል።
ሰባተኛው ግን ከሌሎቹ ይጠልቃል፤
ቢላው ተስሎ ነበር።