የድምፅ ቆጠራ

«ከመቶ አራት» ይላል ወረቀቱ፤
ከመቶ አራት ናቸው የሚገቡቱ።
ሲግኒ ላህቲ ቁጥሩን አጥፋ በኪሷ ከተተችው፣
እንደ አውቶቡስ ትኬት፣ እስክትወርድ ድረስ እንደማትጥለው።

ከተማው ዱሉት ነው፤ ሐይቁ ክረምት ሲገባ ከዳር ጀምሮ የሚነጣ፣
ነፋሱ ቁልፍ ሳይጠይቅ በበር ስንጥቅ የሚመጣ።
አባቷ ሬይኖ የማዘጋጃ ቤት በረዶ ጠራጊ፣
ሰው ሳይነቃ መንገድ ፈላጊ።
እኔ አስተማሪዋ ነኝ፤ ጡረታ የወጣሁ ነፊ፣
ሐሙስ ሐሙስ በሳሎኔ የልጅ ትንፋሽ አሳላፊ።

ባሱን ነው መሣሪያዋ።
ለማያውቀው ልንገር፦ ትከሻዋ ድረስ የሚቆም የእንጨት ቱቦ፣
አፉ ድርብ ሸምበቆ፣ በክር ታስሮ ተከቦ፣
ድምፁ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ፣ ከሆድ ተስቦ።
ማንም ሕፃን «እሱን ግዙልኝ» ብሎ አያለቅስም።
ለፒያኖ ያለቀሰ ሞልቷል፤ የቫዮሊኑማ አይቆጠርም።
ሲግኒም የያዘችው በአሥራ አንድ ዓመቷ
ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት የተረፈው እሱ ብቻ ሆኖ ነው፣ ወጥቶላት በዕጣዋ።

አማካሪዋ ወይዘሮ ብራንት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
«ብርቅ መሣሪያ ነው፤ ይጠቅምሻል» አለቻት፣ ነገሩን አቃላ።
«ኦርኬስትራቸው ባሱን ካጣ ይፈልጉሻል፤ ካላጣ ግን…»
ቀሪውን ስልኩ ጮኾ ዋጠው። እኔ ልጨርሰው አሁን።

ካላጣ ግን፣ ልጄ፣ ዕድልሽ የሚሰፈረው በጣትሽ አይደለም፣
በማታውቂው ሰው ምረቃ ነው፤ እንዲህ ያለ ነው ይሄ ዓለም።
አንድ ወጣት፣ ስሙን የማናውቀው፣ እዚያ በምሥራቅ ጠረፍ፣
በግንቦት ጥቁር ካባ ለብሶ ከደጁ ሲያልፍ
ወንበሩ ገና ይሞቃል። በርሽ ያች ሙቀት ናት።
እሱ ካልተነሣ፣ ድንጋይ ብታስለቅሺም የሚያስቀምጥሽ የለም።

ደወልኩ። ይቅር ይበለኝ።
ድሮ አብሮኝ የነፋ ወዳጅ እዚያ አለ።
«ልጁ በሳንባ ታሞ አቋርጦ ነበር፤
ዘንድሮ ድኖ ተመለሰ፣ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል» አለ።
«እሰይ፣ እግዜር ማረው» አልኩ፣ ከልቤ። ከልቤም አልነበረም።
ስልኩን ዘግቼ፣ እስኪመሽ ተቀምጬ፣ መብራት አላበራሁም።

ለሲግኒ አልነገርኳትም።
ምን ብዬ? የአንድ ሰው ሳንባ ስለዳነ ያንቺ ትንፋሽ ቦታ አጣ?
ሸምበቆዋን በቢላ ስትልግ አገኘኋት፤
«ጠበቀብኝ» አለች፣ «የታችኛው ድምፅ አልወጣ።»

ደብዳቤውን ጻፍኩ። ሦስቴ «ልዩ» አልኩ፣ ሦስቴ ሰረዝኩ።
ቃሉ እንደ አሮጌ ሳንቲም ፊቱ አልቋል። ይልቅ እንዲህ አልኩ፦
«ስትሳሳት አትቆምም። ስሕተቷን ይዛው ትሄዳለች
እስከ ሐረጉ መጨረሻ፤ ከዚያ ዞራ ታየዋለች።»
ይህ ይመዘን ይሆን?

በየካቲት፣ በማላየው ክፍል፣ ሰባት ሰዎች ይቀመጣሉ።
ከላከችው አሥር ደቂቃ ሁለቱን ይሰሙ ይሆናል፤ ከዚያ ድምፅ ይሰጣሉ።
ድምፅ ለሰጠቻቸው ድምፅ ይሰጧታል፣ ወይም ይነፍጓታል።
ሳንድዊች ይመጣላቸዋል። ቀጣዩ ስም ይጠራል።

እኔ የማውቀው የቀረጸችበትን ማታ ነው።
ጋራዡ ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅላ፣
ስልኳን በቀለም ቆርቆሮ አስደግፋ፣
እኔ ገጽ ስገልጥላት፣ በመስኮት አየሁት፦
ሬይኖ ከሥራ ደረሰ፤ ሰማ፤ የፒክአፑን ሞተር አጠፋ።
ማሞቂያውም አብሮ ጠፋ።
ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት ነበር።
አርባ ደቂቃ መሪውን እንደያዘ ተቀመጠ፣
ትንፋሹ መስተዋቱን እየጋረደው፣ ሳይስል፣ በር ሳይከፍት።
በቀረጻው መጀመሪያ የምትሰማዋ ጸጥታ የእሱ ናት፤
ማመልከቻው ላይ የሚጽፏት ቦታ የላት።

በመጨረሻ አንኳኳ፤ ቅንድቡ ላይ አመዳይ።
«ጨረሳችሁ?»
ሲግኒ ሸምበቆዋን ከአፏ አወጣች፣ አየችኝ፣ አየችው።
«አንዴ ልድገመው» አለች።
ሬይኖ ራሱን ነቀነቀ፣ በሩን ቀስ ብሎ ገጠመ፣
ወደ መኪናው ተመለሰ።