የቤት ቁጥር

ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ስድስት፣
ኮዬ ፈጬ ውሃ ይመጣል በድንገት።
ሰው ሁሉ ጀሪካን አንጠልጥሎ ሲሮጥ፣
በዚያ ግርግር ነው እኛም የምናመልጥ፤
እኛ ብስክሌት በትከሻ፣ እነሱ ባልዲ በራስ፣
ደረጃው ላይ ተጋፍተን፣ ማንም ማንንም ሳይወቅስ።

ማኅበር አይባልም። ማኅተም የለው፣ መዝገብ፣
ስም እንኳ የለውም የሚጻፍ፣ የሚነበብ።
ከብሎክ አርባ አንድ ሥር፣ ለሱቅ ተሠርቶ
ገዢ ያጣ ክፍል አለ፣ በአቧራ ተሞልቶ።
ዘበኛው ገለታ «አላየሁም» ይላል፤
ፖምፓውን ግን ማን ከአልጋው ሥር ይደብቃል?

እኔ የፒያሳ ነኝ።
ማለቴ፣ ነበርኩ።
ሰፈሩ ሲነሣ በዕጣ እዚህ ደረስኩ።
ስምንት ወር ሙሉ ጎረቤቴን በሳሉ ለየሁት፤
ስሙን ግን አላወቅሁት።

አንድ ሌሊት ከመስኮቴ ሥር
ጎማ በእርጥብ አስፋልት ሲንሿሿ ሰማሁ፤
ዝናብ መስሎኝ ልብስ ላስገባ ተነሣሁ።
ወርጄ «ብስክሌት ልግዛና ልምጣ?» አልኳቸው።
ሳቃቸው!
ሙዘይን፣ ቀን ጎሚስታ፣ ሌሊት ፊታውራሪ፣
ካላማዳሪ በአንገቱ ያጠለቀ እንደ ድሪ፣
«የተገዛ አይገባም» አለኝ። «ይለቀማል።
አጥንቱን ከምናለሽ ተራ አምጣ፣
ሥጋው ከእኛ ይወጣል።»

አመጣሁ፤ ቀለሙ ምን እንደነበር የረሳ ፍሬም።
እንግዳሸት ከራሷ ላይ አንድ ፔዳል ፈታችልኝ፤
ትርፍ አልነበራትም፤
ሁለት ሳምንት በአንድ እግሯ ነዳች።
ኢፋ ፍሬን ሰጠኝ፣
ከመያዙ በፊት ጥቂት የሚያስብ።

ኮርቻው የመክብብ ነው።

መክብብን አላየሁትም።
የቂሊንጦ መታጠፊያ፣ ሲኖትራክ፣ መብራት ያልነበረው፤
ከዚያ ወዲያ አያወሩም።
ብስክሌቱን ለእናቱ ሊያስረክቡ ሄደው
«ከደጄ አታቁሙብኝ» አለቻቸው፣ «በትናችሁ ንዱት።»
ደወሉ ከእንግዳሸት ዘንድ አለ፣
የኋላ ጎማው ከሙዘይን፣
ሰንሰለቱ ተቆርጦ ለሦስት ሰው ደረሰ።
ሐሙስ ሐሙስ፣ እንዲህ ተበትኖ፣
መክብብም ይመጣል።

ባትሪው አንድ ነው፤ የሚይዘው የኋለኛው።
የመጀመሪያ ሌሊቴ እኔ ነበርኩ ኋለኛ፤
ሳንባዬ እያፏጨ፣ ጉልበቴ እየከዳኝ፣
ከፊቴ ሰባት ጀርባ።
የእነሱ መንገድ የሚታየው በእኔ እጅ ነበር፤
እስከዚያ ሌሊት ድረስ
ማንም ለምንም አስፈልጌው አላውቅም።

ቱሉ ዲምቱን አልፈን አስፋልቱ አለቀ።
ጅብ ከጤፍ ማሳው ዳር ቆሞ ያየናል፣
እሱም እንደኛው ያልተመዘገበ።
«ብሎክ ሃያ ዘጠኝ፣ አለህ?» ይሉኛል በየመሐሉ፤
ስሜ እሱ ነበር ያኔ፣ ያለሁበት ሕንፃ።

ቤታችን የፈረሰ ቀን
ከበሩ ላይ በጥፍሬ የነቀልኳት ቆርቆሮ
ኪሴ ውስጥ ከርማ ነበር፤
ሰማያዊ፣ ጥጓ የታጠፈ።
ትናንት ከኮርቻው ሥር በሽቦ አሰርኳት።
ሙዘይን በባትሪ አነበባት፣
ምንም አልጠየቀኝም፤
ሽቦው ላልቷል ብሎ በጉጠት ደገመልኝ።

እና ዛሬ፣ ከቁልቁለቱ አጋማሽ፣
ከጨለማው ውስጥ አንዱ ተጣራ፦
«ሦስት መቶ ሰባት!»
በሬን የተንኳኳ መሰለኝ፤
ያ በር፣ የሌለው።
«አለሁ» አልኩ፣ «ግቡ» አልኩ
ፔዳሉን እየረገጥኩ።