ጠቅ የሚል ነገር

በሳሎ ከተማ፣ በወንዙ ዳርቻ፣
አንዲት ኪዮስክ አለችኝ፣ የክንድ ስፋት ብቻ።
ስብር ያለ መስታወት፣ ያበጠ ባትሪ፣
ውሃ የጠጣ ድምፅ፣ የታነቀ ጥሪ፣
ይኸው ነው ሥራዬ። ደንበኛ ሲጠብቅ፣
ዓይኑን ከጣቴ ላይ ተክሎ ሲጨነቅ፣
ደብተር እሰጠዋለሁ፤ ሽፋኑ እንዲህ ይላል፦
«ሠሪው እርስዎ ቢሆኑ፣ ስልክዎ ምን ይመስላል?»

ኤርኪ ዓሣ አጥማጁ፣ በየካቲት በረዶ፣
ሦስተኛ ስልኩ ሐይቅ ውስጥ በቀዳዳው ወርዶ፣
«ይንሳፈፍ» ብሎ ጻፈ፤ «እንደ ቡሽ። ያፏጭም።
ከዓሣ ጋር ማውራቱን እኔ አልፈቀድኩለትም።»

ቬራ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ጥፍሯን እየበላች፣
«እናቴ ስታነሣው ድንጋይ ይሁን» አለች።
ትንሽ አሰበችና ሠረዘች፤ ከሥሩ፦
«ድንጋይ ሳይሆን ዕንቁላል፤ ሲይዙት ይፍሩ።»

የአውቶቡስ ሾፌሩ ላሲ፦ «ሽፋሽፍት ይኑረው፤
እኔ ስተኛ ይከደን፤ ማንም አይግለጠው።»

አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ ሳይጽፍ፣ በቃሉ፣
እየጮኸ ነገረኝ፣ እስኪቀላ ጉንጩ ሙሉ፦
«የድሮው ስልክ ሲጠረቀም ንዴት አብሮ ያርፋል፤
በጣት ጫፍ እየዳሰሱ እንዴት ይኰረፋል?»

አንዱ ስሙን ሳይጽፍ፣ በትልቁ፦ «ሽታ»።
ሌላው ከሥሩ፦ «የማን?»
መልስ የለም፤ ዝምታ።

ነርሷ አይላ ግን፣ ሌሊት አድራ የመጣች፣
ተራ እስኪደርሳት ድረስ ገጹን ሙሉ ጻፈች፦
«ከባድ ወሬ ሲመጣ ስልኩ ራሱ ይክበድ።
ኪስ ውስጥ፣ ገና ሳልከፍተው፣ ክንዴን ይዞ ይውረድ፤
ቁጭ ብዬ እንዳነበው። እናቴ የሞተች ዕለት
እንደ ላባ ቀልሎ ነበር፤ ቆሜ ነው ያየሁት።»

ማታ ማታ አነበዋለሁ። እስቃለሁ። አንዳንዴ
ሳቄ መሐል ላይ ይቆምና፣
«የሚጠይቁኝ ስልክ ነው ወይስ ዘመድ?» እላለሁ ለሆዴ።

ኅዳር ነው፤ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ጨልሟል፤
በረዶው ዝናብ ልሁን፣ ዝናቡ በረዶ ልሁን ይላል።
ሄልካ ገባች። ድሮ፣ ፋብሪካው ሳይዘጋ፣
ሃያ ሁለት ዓመት በፈረቃ ስትተጋ፣
የስልክ ቁልፍ ነበር የምትፈትሸው፣
አንድ በአንድ ነክታ «እለፍ» የምትለው።

ስልኳን አኖረችው፦ ለስላሳ፣ ጥቁር፣ ባዶ ፊት።
«ምኑም አልተሰበረም» አለች፤ «ቁልፍ ነው የጠፋበት።
ቁልፍ የሌለው ቤት ገብተሽ ኑሪ አሉኝ፤ እኖራለሁ፤
በሩ የት እንደሆነ ግን ዛሬም በጣቴ እፈልጋለሁ።
ያኔ አምስት ላይ ነቁጥ ነበረች፤ ከሷ ተነሥቼ፣
ኮቴ ኪስ ውስጥ፣ በጨለማ፣ በአውራ ጣቴ ተመርቼ፣
ልጄ ቤት እገባ ነበር።»

ደብተሩን ብሰጣት ገፋችው ወደ እኔ፦
«እኔ አልመኝም፣ ልጄ፤ ሠርቼው ነበር ያኔ።»

ከሬሳ ሣጥኔ፣ የሞቱ ስልኮች ካሉበት፣
አንዲት የጎማ ቁልፍ፣ ቁጥር አምስት ያለባት፣
ከብረት እምብርቷ ጋር ቆርጬ፣ በሙጫ
ለጠፍኩላት ከጀርባው፣ ለጣት መቀመጫ።
ሽቦ የላት፣ ኃይል የላት፤ ከምንም አላገናኘኋት።
«አትሠራም» አልኳት።
«አውቃለሁ» ብላ ተጫነቻት።

ጠቅ።

ሒሳብ ስትጠይቀኝ ምን እንዳልኳት እንጃ።
ስልኩን ኪሷ ከታ ወጣች፤ በመስኮቴ ሳያት፣
ከማቆሚያው ቆማ፣ እጇን ከኪሷ ሳታወጣ፣
የላሲ አውቶቡስ እስኪመጣ፣
ትከሻዋ ትንሽ ትንሽ ሲነቃነቅ አየሁ፤
አምስት፣ አምስት፣ አምስት።
እኔም አብሬ ስቆጥር፣ ስንት እንደ ደረሰ ረሳሁ።