ውሃ ጥየቃ

በመብራት ደረሰኝ ጀርባ፣ በልጄ እርሳስ፣
ዝርዝር እጽፋለሁ ቅዳሜ እስኪደርስ፦
አንድ ሌሊት፤ ገፈርሳ፤ ከጥዱ ሥር፣ ከውሃው ዳር፤
አራት ሰው። ምን ይያዛል ለእንዲህ ያለ አዳር?

ሐሳቡ የሌንሳ ነው።
ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ቧንቧው ሳል ሲጀምር፣
ዓይኗን እያሻሸች ባልዲ ስትደረድር፣
"ከየት ነው የሚመጣው?" አለች እያዛጋች።
"ከገፈርሳ" አልኳት። ባልዲውን አስጠጋች።
"እሱ እኛ ቤት ይመጣል በሳምንት ሁለት ቀን፤
እኛ ግን አንድም ቀን ሄደን አልጠየቅን።"

ስምንት ዓመቷ ነው። ግን ምን ይመለሳል?
የመጣ ይጠየቃል፤ ካልሆነ ወግ ይፈርሳል።

እናም እጽፋለሁ፦ ዳቦ፤ ቆሎ፤ ክብሪት፤
የናኦል የሳል ሽሮፕ፤ የባትሪ ድንጋይ፣ አራት፤
ጋቢ፣ ቤት ያለው ሁሉ፤ ብርዱ ቀልድ አያውቅም።
ሸጊቱ በትከሻዬ አጮልቃ፣ "ይሄ አይበቃም፤
ጅብስ?" አለች፤ "ለጅቡ የታል ያሰብክበት?"
"ጅብ" ብዬ ጻፍኩ፣ ከሽሮፑ ዝቅ ብዬ፤
ፊት ለፊቱ ባዶ ቦታ ተውኩለት።

የግድቡ ጥበቃ፣ ጉርሜሳ፣ እሺ ብሎናል፤
ሕግ ግን አለው፤ ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል፦
"ሳሙና የለም፤ እግር መንከርም የለም፤
ከተማ የሚጠጣው ላይ ሰው አይታጠብም።
እሳቱ ከዛፉ ይራቅ። ከዚያ በተረፈ፣
እንግዳ ናችሁ" አለና አምስተኛውን ጣቱን ሳያጥፍ አለፈ።

የቀረው ድንኳን ነው።
እኛ ሰፈር ድንኳን ያለው እድሩ ብቻ ነው።

ጋሽ ይፍሩ፣ ንብረት ያዡ፣ ሲያየኝ ደነገጠ፤
ኮፍያውን አውልቆ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።
"ማን ነው?"
"ማንም፣ ጋሼ። ሁሉም ሰው ደህና ነው።
ድንኳኑን የፈለግሁት ውሃ ዳር ላድርበት ነው።"
መዝገቡን ዘረጋ፤ ዓምዶቹ ሦስት ናቸው፣
ለቅሶ፣ ሰርግ፣ ክርስትና፤ ሌላ የለባቸው።
ጣቱ ወጣ ወረደ ሲፈልግልኝ ቦታ፤
"ያለ ሬሳ" አለ፣ "ያለ ሙሽራ፣ ያለ እልልታ..."
በመጨረሻ ከመስመሩ ውጭ፣ ኅዳጉ ላይ፣ "ጥየቃ" አለ።
"የማን ልበል?"
"የውሃ።"
ብዕሩን አራገፈና ጻፈ፤ ምንም አላለ።

መቶ ሰው የሚያስለቅስ ሸራ ነው፤ እኛ አራት።
ዓርብ ከሥራ መልስ ግቢው ውስጥ ሞከርናት።
ጥጓ ላይ ያቺ የሲጋራ ቀዳዳ አለች እስካሁን፤
አባቴ የሞተ ጊዜ፣ ሦስቱንም ቀን፣
"እግዜር ያጥናህ" ሲሉኝ
እኔ በእሷ በኩል ደመና ስቆጥር ነበር።
ይህን ለማንም አልተናገርኩም።
ናኦል ጣቱን ሰደደባት፤ ከውጭ ሌንሳ ያዘችው፤ ሳቁ።

ሸራው ገና ሳይወጠር ብሎኩ ወረደ፣
ነጠላ አዘቅዝቆ፣ ደረጃው በእግር ኮቴ ነደደ።
እትዬ ዘርፌ ገና ከአራተኛ ፎቅ "ወይኔ!" እያለች፣
ማንን እንደምታለቅስ ሳታውቅ እያለቀሰች።
ነገሩን ስትሰማ አፏን ያዘች፤ ነጠላዋን አዞረች፤
"እንግዲህ ከወረድኩ ወረድኩ" ብላ ከድንኳኑ ተቀመጠች።
"ገፈርሳ ነው ያላችሁት? እንግዲያው ንገሩልኝ፤
እሷ ሴትዮ አራተኛ ፎቅ ነች፣ አይደርሳትም በሉልኝ።"
ጻፍኩት፣ ከጅቡ ሥር።
የአምስተኛ ፎቁ ሰውዬም እጁን አወጣ። እሱንም ጻፍኩ።
ደረሰኙ ሞላ፤ በጠርዙ ዞርኩ።

ሲመሽ ሸጊቱ፣ "ባዶ እጃችንን ነው እንዴ የምንሄደው?" አለች።
እውነቷን ነው። ለውሃ ግን ምን ይወሰዳል?
ዳቦ አይበላ፤ ስኳር ያበላሸዋል።

ሌሊት ቧንቧው ሳለ። ተነሳሁ፤ ቀድማኛለች።
ባልዲዎቹን ትታ፣ በባዶ እግሯ፣ ሲሚንቶው ላይ፣
አንዲት ሃይላንድ አጥባ
እስከ አፏ እየሞላች ነው።
"ይሄኛውን ቤቱ እንመልሰው" አለች፤ "ይናፍቃቸዋል።"

በጠርዙ ላይ፣ የቀረችኝ ቦታ ላይ፣ ጻፍኩ፦
ውሃ፣ አንድ ሃይላንድ። አይጠጣም።