ሳይለካ የሰፋ

ከደብረ ብርሃን ሌሊት ተነሥቼ፣
አሥራ ሁለት ሱሪ፣ ስድስት ኮት ሰፍቼ፣
ለሸዋ ሮቢቱ ለእንግዳወርቅ ሠርግ
አንጠለጠልኩት በቪትዟ ወንበር ጥግ።

ጣርማበር ስደርስ፣ ከዋሻው አፍ በር፣
መንገድና ገደል ሰፍቷቸዋል ጉሙ ባንድ ነጭ ገበር።
ወንድይፍራው ከጎን "ቀስ ጋሼ" እያለኝ፣
ባሕር ዛፍ የጫነ አይሱዙ ቆመብኝ።

"ማርያም" ልል ጀምሬ፣ "ማር" ላይ ነበርኩ ገና፣
ነጭ ነገር መጣ ከመሪው ወጣና።
አባቴ መሰለኝ በጥፊ የመታኝ፤
ሞቶ ስንት ዘመኑ፣ ከየት ተነሣብኝ?

ከዚያ ዝም።
ባሩድ ባሩድ ሸተተኝ፤ ዱቄት ዘነበ በኮቱ፣ በሱሪው።
ኤርባጉ ነው ለካ፤
እንደ ባዶ ስልቻ ተንጠልጥሏል ከመሪው።
ግራ ጆሮዬ ውስጥ፣ ያለ ክር፣ ያለ ዕረፍት፣
ሲንጀር ትሰፋለች ዛሬም ሌሊት ሌሊት።

ደብረ ሲና ሲስተር የሺመቤት ክንዴን አጠበችው፤
ከእጅጌዬ በታች ተልጧል፣ ተቃጥሏል።
ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራት አንሥቶ
"አውራ ጣት ተሰብሯል" አለ።
"ከመሪው ምን ያህል ርቀህ ነበር?"
"ስንዝር።"
ምን ላድርግ፤ ሠላሳ ዓመት መኪና ላይ ጎብጬ፣
ያንንም መኪና እንደ ስፌት መኪና
ነዳሁት አቀርቅሬ ተቀምጬ።

ወንድይፍራው ሊመክት ክንዱን ዘርግቶ፣
የእጅ ሰዓቱ ታተመ ከዐይኑ ሥር፣ የገዛ እጁ መትቶ።
"ስንት ሰዓት ሆነ?" ይሉታል ፊቱን እያዩ፤
አብሯቸው ይስቃል።
በር ሲጋጭ ግን ይደነብራል።

በሳምንቱ ጋራዥ ሄጄ ያንን ጨርቅ አገኘሁት።
በግራ እጄ ገለበጥኩት፤
ልብስ በውስጡ ነው የሚታወቀው።
ክሩ ድርብ፣ ጠርዙ በወጉ የታጠፈ፣
አንድ ስፌት የለም የዘለለ፣ ያለፈ።
ማን ይሆን? የት አገር? ወጣት ነው? ጎልማሳ?
ሳያየኝ፣ ሳይለካኝ፣ ሜትሩን ሳያነሣ፣
ጎበዝ ነው፣ ጎበዝ ነው፤
በፊቴ ልክ የሰፋው።

"አመስግን" ይሉኛል። አመሰግናለሁ።
የባሕር ዛፉ ጫፍ በግንባሬ ልክ ነበር፣ አውቃለሁ።
ጣቴንስ ማን ይስፋው?

ሙሽራው ኮቱን ሲያራግፍ ነጭ ብናኝ ቦነነ አሉ፤
ሂሳቡን ግን ሳይቀንስ ከፈለኝ።

አሁን ወንድይፍራው ነው ክር የሚያስገባልኝ።
ለምዶብኝ ጎንበስ ስል ወደ ሲንጀሯ፣
"ራቅ ጋሼ" ይለኛል፣
"ራቅ።"