የቅዳሜ መኪና

ከሰኞ እስከ ዓርብ ላንድክሩዘር ይዤ፣
ከማርቆስ ደንበጫ ስወርድ ታዝዤ፣
መንገዱ ይከፈታል እንደ መጋረጃ፤
ማንም አልጠየቀኝ አንዲትም ማስረጃ።
ባጃጁ ጠጠር ላይ ይወርዳል በፈቃዱ፤
እናቱን የማይፈራው አይሱዙም፣ ያ ጉዱ፣
ፍሬቻ አብርቶልኝ «እለፍ ጌታው» ይላል፤
ዓለም ከዚያ ወንበር ሲያዩት እንዴት ይቀላል!

ጅጋ መግቢያው ላይ ሳጅን አለኸኝ ቆሞ
እጁን ያነሳልኛል፣ ባርኔጣው ላይ አጋድሞ፤
ከጥቁሩ መስታወት፣ ከዚያ ግርዶሽ ኋላ፣
ማን እንዳለ አያይም፤ ሰላምታው ለጥላ።

ቅዳሜ ሲደርስ ግን ላዳዬን ገፍቼ፣
ከፍኖተ ሰላም ከግቢዬ ወጥቼ፣
የፊት ኮፈኗን በምራን አስሬ
(ቋጠሮው ያባቴ፤ የቀንበር፣ የበሬ)
ያው ባጃጅ፣ ያው ልጅ፣ አፍንጫዬ ሥር ገባ፤
ያው አይሱዙ ከኋላ ነፋብኝ ጡሩምባ፤
«ንሣ አንተ ሰውዬ! ሂድና እረስባት፤
ወይ ለልዋጭ ስጣት፣ ሳፋ ግዛባት!»

ሳጅን አለኸኝም ፊሽካውን ነፋና፣
«መንጃ ፈቃድ! ቦሎ! መብራቷስ?» አለና፣
ዓይን ለዓይን ተያይተን፣ እሱ ግን ሳያውቀኝ፣
ያ ወደ ባርኔጣው ሲነሳ የከረመው ቀኝ
የቅጣት ወረቀት ጻፈ፤ ፈረመና ሰጠኝ።

ባለፈው ኅዳር ነው፤ በርበሬ ሲለቀም፣
በመስኮት የገባ ሽታው ሲውል አይለቅም።
«ረፈደ፣ ፍጠን» አሉኝ ከኋላ አለቃው፤
ከፊቴ አንዲት ላዳ መንገዱን አንቃው
በሁለተኛ ማርሽ ዳገት ታቃስታለች፤
ሦስት ጆንያ በርበሬ ጣሪያዋ ላይ ጭናለች።
ክላክስ ነፋሁባት፤ ረጅም አበራሁባት፤
አንድ ክንድ እስኪቀረኝ አፍንጫዬን ነዳሁባት።
«ንሣ አንተ ሰውዬ! ሂድና እረስባት!»

አፌ ነው ያለው። የኔው አፍ። ጆሮዬ ሰማው።

ላዳዋ ጠጠር ላይ ወርዳ ስትንገዳገድ፣
አንዱ ጆንያ ተፈታ፤ ቀይ ሆነ መንገድ።
ከኋላ ሲያዩትማ ላዳ ሁሉ ላዳ ነው፤
ፊቷን በስፖኪዮ ሳይ ነው ደሜ የቀዘቀዘው፦
ኮፈኗ ላይ ምራን፤ የበሬ ቋጠሮ፤
መሪው ላይ ምናሉ፣ አማቼ፣ ፊቱ ተቀይሮ፤
ከጎኑ ሚስቴ፣ ደብሬ፣ በሩን ከፍታ ወጥታ
በርበሬ ታፍሳለች ነጠላዋን ዘርግታ።

እግሬ ፍሬን ላይ ነው። ከኋላ ሳል ሰማሁ።
«ምን ሆነ?» አሉ አለቃው።
«ምንም» አልኩ፤ ነዳሁ።

ማታ እራት ላይ ነገሩን አወራችኝ፤
«እንዳንተው መኪና ናት፣ ገደል ልትከተኝ!»
ምናሉ ሰደበው፤ ሰባት ቤት ዘር ቆጥሮ፤
እኔም አብሬው ሰደብኩት፣ ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ከሮ።
«ፊቱን አላየሽም?» አልኳት አቀርቅሬ።
«ጥቁር መስታወት ነው፤ ምን ፊት አለው?» አለች ደብሬ።

ሰኞ ጅጋ ስደርስ መስታወት አወረድኩ፤
ሳጅን አለኸኝን በፊቴ «እንዴት አደርክ» አልኩ።
እጁ ተነሳችና መንገድ ላይ አመነታች፤
ላዳዋን ያስታወሰ መሰለኝ፤ ሳትደርስ ቀረች።
ከዚያ ወዲህ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣
መስታወቴን ዘግቼ ነው የማልፈው ያን መንደር።

ዘንድሮ የቤታችን በርበሬ አሸዋ አለው።
ደብሬ ታጥበዋለች፤ ታሰጣዋለች፤ ደግማ ትነፋዋለች፤
እንግዳ ሲመጣ ወጡን ስታቀርብ ታፍራለች።
«ይቅርታ፣ መንገድ ላይ ፈስሶብን ነው» ትላለች።
ሌላው ሰው አውጥቶ ከመሶቡ ጠርዝ ያኖረዋል፤
እኔ ጥርሴ ሥር ቀጭ ሲል፣
ቀና ሳልል፣
ውሃ እጨምርበትና
እውጠዋለሁ።