እንደገና ሞክር

ሙዓዝ ልጄ አራት ዓመቱ፣ አራት ቃል የለውም፤
ዝምተኛ ነው ማለቴ ግን አይደለም፣ በፍጹም።
ይጮኻል፣ ያጉረመርማል፣ እጄን ይዞ ይጎትታል፣
ውሃ ሲጠማው ጀሪካኑን በእርግጫ ይመታል፤
የባጃጄን ጡሩምባ ከሰፈሩ ጡሩምባ ለይቶ
በር ላይ ይጠብቀኛል፣ የእናቱን ነጠላ ጫማ ግራ ከቀኝ አምታቶ።

ሰፈሩ መድኃኒት አላጣም።
«ወንድ ልጅ ይዘገያል» አለች እትዬ ብዙነሽ፣ ልትሄድ ተነሥታ ቆማ፣
«የኔም ወንድም በስድስቱ ነው፤ ዛሬ ጠበቃ ነው፣ ሊሙ ገነት ከተማ።»
አንዱ ቁልፍ በአፉ አዙሩበት አለ፣ አንዱ ማር አልሱት አለ፤
ማሩን ላሰው። ቁልፉን ነከሰው። ቃሉ እዚያው አደረ፣ እዚያው ዋለ።

ሆስፒታል ጆሮውን አዩት፤ ደኅና ይሰማል አሉን።
ሲስተር ተናኜ ተቀበለችኝ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልኬን፤
«መተግበሪያ ልጫንላችሁ፤ ሥዕል ያሳያል፣ ስሙን ይጠራል፤
ሰጥታችሁት ከሄዳችሁ ግን፣ ልጁ ሳይሆን ስልኩ ይናገራል።»

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ፣ መብራት ሲኖር፣ ቻርጅ ሲሞላ፣
ሦስት ራስ አንድ ስልክ ላይ፣ አንዱ በአንዱ ጥላ።
ዶሮ ትመጣለች። «ዶሮ» ትላለች የስልኩ ሴት፣
ጥርት ባለ ያዲሳባ ድምፅ፣ ዝናብ ነክቶት በማያውቅ አንደበት።
ልጄ ይስቃል፤ ዶሮዋን በጣቱ ይነካል፤
ቀዩ ነጥብ ይጠብቀዋል፣ ብልጭ ድርግም ይላል፤
ኑሪያ ሳታውቀው ከንፈሯን ታሞጠሙጣለች።
ምንም።
«እንደገና ሞክር» ትላለች።

ኳስ ይመጣል። ምንም። እንደገና ሞክር።
ውሃ ሲመጣ እናቴ ከጓዳ «ቢሻን በሉት እንጂ!» ትላለች፤
እውነቷን ነው፤ እሷ ዘንድ ሲውል ውሃ ቢሻን ነው፤ የስልኩ ሴት መች ታውቃለች?
ሲስተርን ጠየቅናት። «ሁለቱንም በሉት፣ አይደናገርም ልጅ» አለችን፤
ከዚያ በኋላ አንዴ ሴትዮዋ፣ አንዴ እናቴ፣ እየተቀባበሉ አስተማሩን።

አንድ ማታ ኑሪያ ስልኩን ነጥቃ ፍራሽ ሥር ከተተችው፤
«ስንት ጊዜ ነው እንደገና? ማን ሆና ነው የምትለው?»
ከፍራሹ ሥር፣ ታፍና፣ ሴትዮዋ ቀጠለች፦
እንደገና ሞክር።
ኑሪያ አለቀሰች። ቆይታ ሳቀች።

ነሐሴ መጣ። አዌቱ ከድልድዩ ሥር ደፍርሶ ሲያጓራ፣
ሙዓዝን ከኋላ ጭኜ ከሆስፒታል ስመለስ፣ ኑሪያም አብራ፣
ባጃጇ ድልድዩ አፍ ላይ እንትፍ ብላ ቆመች።
ማንሻውን ሳብኩ። አስላት። ሳብኩ። ዝም አለች።
ሚኒባሱ ከኋላ ይነፋል፣ ዝናቡ በአንገቴ ገብቶ ጀርባዬን ይወርዳል፤
ሰደብኳት፣ ፋብሪካዋን ሰደብኩ፤ ሰው ሲቸግረው ምን ያደርጋል።
እጄን ሰበሰብኩ። ተውኳት።

ያኔ ከኋላ፣ ከሸራው ሥር፣ ቀስ ብሎ፣
ጭቃ እንደሚሻገር ሰው፣ ምላሱን ከድንጋይ ድንጋይ ጥሎ፣
«ደና... ሞኪ።»

ደኅና ነው ያለኝ መስሎኝ ነበር። ዞር ስል ኑሪያ አፏን በእጇ ይዛለች።
የሴትዮዋ ዜማ ነው፣ ራሱ፣ መጨረሻው ላይ ከፍ እንደምታደርገው።
ዶሮ አላለም፣ ኳስ አላለም፤ ውሃም ቢሻንም አላለም፤
ከተለፋባቸው ሥዕሎች አንዱንም አልጠራም፤
ሲያቅተው የሚባለውን ነው፣ ያንን ነው የለቀመው።
«ሞኪ!» አለ ደግሞ፣ ማንሻውን እያሳየ፣ እንደ አለቃ ተቆጥቶ።

ሳብኩ።
ተነሣች ብል ደስ ባለኝ፤ ውሸት ነው፣ አልተነሣችም።
ሁለት ጎረምሶች ገፍተው ነው ጋራዥ ያደረሱን፤ ገንዘብም አልጠየቁንም።
ሙዓዝ ግን መንገዱን ሙሉ፣ ራሱን ከሸራው አውጥቶ፣
ለገፊዎቹም፣ ለድልድዩም፣ ለዝናቡም ትእዛዝ እየሰጠ ነበረ፤
ዝናቡ ብቻ ሰማው፤
እንደገና ሞከረ።